ከሁለት እስከ ስምንት

የሰው ኃይል ሹሙ ብዕሩን ነክሶ፣
ቅጼን አየው ደጋግሞ፣ ገልብጦ፣ መልሶ።
«የሥራ ልምድ፦ ስኪ። ዐሥራ ሁለት ዓመት።
ምንድን ነው ስኪ ያልሽው? ማሽን ነው? ድርጅት?»

ነገርሁት። በእግር ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት፣
በእጅ ሁለት ዘንግ፣ በረዶ ላይ ዳገት።
ሰማኝ፣ ሰማኝና፣ መነጽሩን ጠርጎ
«ሯጭ» ብሎ ጻፈው፣ ጉዳዩን አጭር አድርጎ።

«ሜዳልያስ?»
«የለም። ሰባ አንደኛ።»
ቀና አለ እንደ ዳኛ፣
ከስንት እንደ ሆነ ሳይጠይቀኝ ማኅተሙን መታ።
(ከሰባ ስምንት ነው። ቢጠይቅ እነግረው ነበር በደስታ።)

እናቴ «ወርቅያንሳት» ብላ ስሜን ስታወጣ
ሌላ ነው ያሰበችው፤ ሌላ ነው የመጣ።
ወርቁ መች አነሰ? እኔ ነኝ ያነስሁት፣
ስድስት ደቂቃ ሙሉ ከኋላ የቀረሁት።

በሠላሳ አንድ ዓመቴ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ጉልበት ስል ሎሚውን ነው፤ ሌላኛው ገና አለኝ።
ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ ማለዳው ነበር፤
ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰውነቴ ነቅቶ ይቆማል፣ እንደ ወታደር፣
ትእዛዝ ይጠብቃል።
ፉጨት የለም። ሰዓት ያዥ የለም። ዶሮ ይጮሃል፣
አዘዞ በኩል መኪና ያጓራል፣
መልሼ እተኛለሁ።

ማራኪ ካለው ቤታችን፣ አንደኛው ዘንጌ ገመድ ደግፎ ልብስ ያሰጣል፤
ሁለተኛው በአክስቴ እጅ ዶሮ ከገብስ ላይ ያባርራል።
እንጨቶቹን አልነካችም፤ ከአልጋ ሥር ናቸው፤
«ሬሳ ይመስላሉ» አለች፣ በጨርቅ ሸፍናቸው።

ክትባት መጋዘን ስቀጠር ልቤ አብጦ ነበር፤
ብርድን እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ በዚህ አገር?
አቶ አዛናው፣ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ወር፣
ሁለት ብልቃጥ አንሥተው ነቀነቁልኝ ከመስኮቱ ዳር።
አንዱ እንደ ወተት ቆየ። አንዱ ወዲያው ዘቀጠ።
«ይኼኛው በረዶ ሠርቶ ነበር፤ ሞቷል። ሙቀት ብቻ አይደለም ገዳይ።
ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ። አትውጪ፣ ወደ ታችም ወደ ላይ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰከንድ ሽራፊ ስቃጠል ኖሬ
በስድስት ዲግሪ መካከል መቀመጥ ተማርሁ ዛሬ።

ነሐሴ። ሌሊት ስምንት ሰዓት። ቆርቆሮውን በረዶ ይደበድበዋል፤
(ጎንደር የሚያውቀው በረዶ ይኼ ነው፦ ወርዶ፣ ጮሆ፣ ይጠፋል።)
ዘበኛው ዋሴ ደወለ፦ «መብራት ሄዷል፤ ጀኔሬተሩም እምቢ አለ።»
ሎሚዬን በሻሽ አስሬ ቁልቁል ሮጥሁ፤ ግንቡ ከሰማዩ ጋር ተቀላቀለ።

አይስፓኮቹን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርሁ።
ወዲያው አይታሸጉም። ቆሜ ጠበቅሁ።
ዋሴ በባትሪ እያበራ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይለኛል።
«በረዶው እስኪያልበው።»
ይስቃል።

አንዱን ከጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅሁት። ዝም።
ደግሜ። ዝም።
ከመነሻው መሥመር ላይ እንዲህ ቆሜ አውቃለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
ምራቄ መሮኝ፣ ዓይኔን አፍጥጬ።
ሦስተኛ ጊዜ ውሃው ከውስጥ ሿ አለ።

አሁን!
ሣጥን፣ አይስፓክ፣ ብልቃጥ፣ ክዳን፤
ሣጥን፣ አይስፓክ፣ ብልቃጥ፣ ክዳን፤
እጄ ምቱን አልረሳውም፦ ግራ ዘንግ፣ ቀኝ ዘንግ፣ ሳንባ፣ ዳገት፣
ያለ ቁጥር ደረት፣ ያለ ባንዲራ፣ በአንድ ባትሪ መብራት።

ሲነጋ ቴርሞሜትሩን አየሁት።
አምስት።
አምስተኛ ወጥቼ አላውቅም፤ አንድም ቀን፣ በምንም ዓይነት።
መዝገቡ ላይ ጻፍሁት፣ ፈረምሁ። ዋሴ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል፣
ከደጅ የሌሊቱ በረዶ ጭቃ ሆኗል።

የጭዋሂቱ ሾፌር ቦቲውን እያራገፈ
«ስንት ነው?» አለኝ ከደጃፍ።
«አምስት!» አልሁት፣ ድምፄ አምልጦኝ።
ሰዓቱን አየ። ፊቴን አየ።
«ኧረ ገና አንድ ሰዓት ነው» አለኝ፣
ሣጥኑንም ተሸከመ።